ለጥገና የሄደችው መኪና

መካነ ሰላም ውስጥ በሥራ ቀን መኪናውን ሲያጥብ የታየ ሰው ወይ ሙሽራ ሊያመጣ ነው፣ ወይ ሊሸጥ ነው። እኔ ቤት ለሰርግ የደረሰ ልጅ እንደሌለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ መኪናዬን ልሸጥ ደሴ የወሰድኳት ከነጭቃዋ ነው። ቆሽሾ የቀረበ ዕቃ ዋጋው እንደሚወርድ አጥቼው አይደለም፤ ዕድሜ ልኬን ነጋዴ ነኝ። ግን ከዋጋዋ ይልቅ ያሳሰበኝ የሰው አፍ ነበር።

ነጭ፣ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ነበረች። ሥራውን ጨርሶ ከሄደ አንድ ፕሮጀክት በጨረታ የገዛኋት ናት። ቆርቆሮ፣ ምስማርና ሲሚንቶ የምሸጥበት ሱቅ አለኝና ወግዲ ድረስ ቤት ለሚሠራ ሰው ዕቃ አደርስባት ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ከቆርቆሮው ይልቅ የጫነችው ሰው ይበዛል። ምጥ የያዛት ሴት፣ ከጣራ የወደቀ አናጢ፣ ከደጎሎ የመጣች ሙሽራ፣ የእድሩ ድንኳንና ወንበር፣ አስከሬንም ጭምር። የነዳጅ ልክፈል ሲሉኝ "ተዉት" እላለሁ። "ተዉት" ማለት ደስ ይለኝ ነበር። "ተዉት" የሚል ሰው ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚቆም የገባኝ ግን ከወረድኩ በኋላ ነው።

የወረድኩት ባለቤቴ ስትታመም ነው። ማሕፀኗ ላይ እጢ ተገኘ። ሐኪሙ ክፉ ዓይነት እንደማይመስል፣ ግን ደሟ እያለቀ ስለሆነ ቶሎ በቀዶ ሕክምና መውጣት እንዳለበት ነገረን። ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ እጄን ያዝ አድርጋ፣ "የሴት ገመና ነው፤ ለማንም እንዳትናገርብኝ" አለችኝ። እኔም አንድም ጊዜ አልተከራከርኳት፤ እንዲያውም በልቤ እሰይ ብያለሁ። ሱቁ ከተቀዛቀዘ ከርሟል፣ ቤት የሚሠራ ሰው ቀንሷል፣ እጄ ላይ ጥሪት የለም። ለሕክምናው ሰው ጋ ሄጄ እጄን ከምዘረጋ መኪናዋን መሸጥ ቀለለኝ። ነጋዴ ደግሞ መኪናውን ሸጠ ከተባለ "ወደቀ" ነው የሚባለው። ስለዚህ መሸጡም መደበቅ ነበረበት።

ሱቅ ለመጣ ሁሉ "ፍሪሲዮኗ አስቸግሮኛል፣ ደሴ ለጥገና ልወስዳት ነው" እያልኩ አወራሁ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። የረሳሁት ነገር ቢኖር፣ እኛ ከተማ ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና ባዶውን እንደማይሄድ ነው።

መጀመሪያ የመጡት ጎረቤቴ ናቸው። እማማ ነው የምላቸው፤ ሙስሊም ናቸው፣ ቤታችንን የሚለየው አንድ አጥር ነው፣ እሱም የዶሮ መግቢያ አለው። ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶባቸው ደሴ የዓይን ሐኪም ቀጥሯቸዋል። "ልጄ፣ አላህ አንተን ላከልኝ፤ በዚያው ታደርሰኛለህ፣ በማግሥቱ ደግሞ ይዘኸኝ ትመለሳለህ" አሉኝ። በማን መኪና እንደምመልሳቸው እያሰብኩ "ምን ገዶኝ" አልኩ።

ቀጥለው የእድራችን ዳኛ መጡ፣ በግ እየጎተቱ። ደሴ የተዳረችው ልጃቸው ሁለተኛ ልጇን ወልዳለች፤ ሙክቱ ለእሷ ነው። "ከኋላ ጭነህ ጣል አድርግልኝ፤ በእሷ መኪና ቢሄድላት ደስ ይላታል" አሉ። ደስ የሚላትን ምክንያት እኔም አውቀዋለሁ። የመጀመሪያ ልጇን የተገላገለችው እዚያችው መኪና ውስጥ፣ አቀስታ ሳንደርስ፣ የኋላ ወንበር ላይ ነው። እኔ ፊቴን ወደ መሪው አድርጌ "አይዞሽ" ከማለት ሌላ ያደረግሁት ነገር የለም፤ ሥራውን የሠሩት አብረውን የነበሩት እማማ ናቸው። "ለጥገና ነው የምሄደው፣ በግ አልጭንም" ብል ነገሩ ይነቃብኛል። በጉን ጫንኩት።

ጎህ ሳይቀድ ወጣን። እማማ ጋቢና ከጎኔ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ፍጥነት ስቀንስ ዱዓ ጀመሩ። ለራሳቸው ዓይን መስሎኝ ነበር። ጆሮዬን ሰጥቼ ባዳምጥ፣ "ያረቢ፣ ይቺን መኪና ጠብቃት። ፍሪሲዮን የሚሉትን አሽርላት። እሷ ባትኖር ማን ነበረን" ነው የሚሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "አሚን በል እንጂ!" አሉኝ። አሜን አልኩ። ፊቴ ቢቃጠልም የእሳቸው ዓይን እንደማያይብኝ አሰብኩ፤ ይህንንም በማሰቤ ደግሞ አፈርኩ።

ደሴ ገብተን እማማን የዓይን ሐኪሙ ጋ አደረስኳቸው። በዚያ ቀን ዘመዳቸው ቤት አድረው በማግሥቱ ጠዋት መናኸሪያ አካባቢ ልንገናኝ ተስማማን። ለዳኛው ልጅ ስልክ ብደውል አይነሳም። የመኪና ነጋዴው ቀጠሮ ደግሞ ደርሷል። ምን ላድርግ፤ ከነበጉ ሄድኩ።

መኪናውን ለነጋዴ የሚሸጥ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለማያውቅ ልንገረው። መጀመሪያ ማንም አይነሳለትም። ነጋዴው ከግቢው በር አጠገብ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፤ የሚነሱት ሁለት ሰዎቹ ናቸው። እነሱም ባለመኪናውን አያናግሩትም። መኪናዋን ይዞሯታል፣ ጎማ በእግራቸው መታ መታ ያደርጋሉ፣ ይተነፍሳሉ። እንዴት ያለ አተነፋፈስ መሰላችሁ! ለቅሶ ቤት የገባ ሰው እንኳ እንደዚያ አይተነፍስም። አንደኛው ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት አውጥቶ ቦዲዋ ላይ ያስኬዳል። ጤነኛ ብረት ላይ ሲደርስ ማግኔቱ ይጣበቃል፤ በስቱኮ የተሞላ ቦታ ላይ ይወድቃል። የግራው የኋላ በር ላይ ወደቀ።

"ተጋጭታለች" አለ ለጓደኛው፣ እኔ እንደሌለሁ።

አልተጋጨችም። ለቅሶ ላይ ድንኳን ሲጭኑ የእድሩ ብረት ተንሸራቶ የመታት ነው። ግን ይህን ለማን ነው የማስረዳው? "ትንሽ ተነክታ ነበር" ብዬ አለፍኩ።

ኮፈኑን ከፈቱ። የዘይት ክዳኑን ነቅለው ሞተሩ ሲሠራ እጃቸውን ደቀኑበት፣ አሸተቱት፣ ተያዩ። "ዘይት ትቀምሳለች" ተባለ። ጋቢናውን ከፈቱ። ከኋላ በር በላይ ያለው የእጅ መያዣ ተገንጥሏል። የዳኛው ልጅ ናት የገነጠለችው፤ ምጡ ሲጠናባት እሱን ነበር የያዘችው። ከሥሩ ወንበሩ ላይ በስንት ሳሙና አልለቅ ያለ ጥቁር ምልክት አለ። ሰውየው በጣቱ ጫር አደረገውና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

አንዲት ሴት እዚህ ወልዳለች፤ ልጅቷ አሁን ፊደል ቆጥራለች፤ ያ ቀን በሕይወቴ ከኮራሁባቸው ቀናት አንዱ ነው። ይህን ማለት ይቻል ነበር።

"እኔ ስገዛትም እንዲሁ ነበረች" አልኩ።

በዚህ መሃል በጉ ከኋላ ጮኸ። ነጋዴው ሻዩን አስቀምጦ፣ "ሰውዬ፣ በጉ ከነመኪናዋ ነው የሚሸጠው?" አለ። ግቢው ውስጥ ያለ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የሰው ዕቃ ይዞ ገበያ የመጣ ሌባ እንኳ እንደዚያ አይስቅም።

ከዚያ ዋጋ ተጠራ። የተጠራውን ዋጋ አልጽፈውም፤ ስድብ በጽሑፍ አይቀመጥም። ተነስቼ ወደ መኪናዬ ስሄድ ከሁለቱ አንዱ ተከተለኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እሱ እንዲህ ነው፣ አይገባውም፤ እኔ ላነጋግርልህ" አለኝ። ይህን ዘዴ አውቀዋለሁ። አንዱ ያባርራል፣ አንዱ ያባብላል፤ ሁለቱም በአንድ ሳህን ይበላሉ። እኔ ራሴ ሱቄ ውስጥ ከሠራተኛዬ ጋር ስንት ጊዜ ተጫውቼዋለሁ። ማወቄ ግን ምንም አልጠቀመኝም። ተስቤ ተመለስኩ።

"ለምንድን ነው የምትሸጣት?" አለኝ ነጋዴው።

"ልለውጣት ነው። ሻል ያለች ላስገባ።"

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ከዚያ መኪናዋን አየ፤ ጎማዋ ላይ የደረቀውን ጭቃ።

"ወንድሜ፣ ለሽያጭ ከነጭቃዋ የሚያመጣት ሰው ወይ ሰርቋታል፣ ወይ ቤቱ ሰው ታሞበታል። አንተ ደግሞ ሌባ አትመስልም" አለኝ።

ጎረቤት ከጎረቤት፣ ቅዳሴ ከለቅሶ አብሬያቸው ከምውል ሰዎች የደበቅሁትን ነገር አይቶኝ የማያውቅ ሰው ሻዩን ሳይጨርስ አነበበው። እነሱ እንዳያውቁብኝ ብዬ የተውኩት ጭቃ ነው የነገረው። ሰውየው ግን ክፉ አልነበረም፤ ማለቴ፣ ድምፁ ክፉ አልነበረም። "እግዜር ይማርልህ" አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ፣ "ገንዘቡን ዛሬውኑ የምትፈልገው ከሆነ ዛሬውኑ አስገባልሃለሁ፤ ግን እንግዲህ ዋጋው የዛሬ ዋጋ ነው" አለ። በዛሬ ዋጋ ሸጥኳት።

ውሉ ተፈርሞ ገንዘቡ ባንክ መግባቱን ስልኬ ሲነግረኝ ነጋዴው እጄን ጨበጠና አለቀቀውም። እኛ አገር በሬም ይሁን ቤት የተሸጠ እንደሆነ፣ ገዢና ሻጭ ሳይለያዩ አፉ ይባባላሉ። ያጋነንኩትም፣ ያሳነስከውም፣ የዋሸኸኝም ይቅር ለእግዜር እንደማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ቅሬታ የለም፤ ቅሬታ ይዞ የሚዞር ሰው ራሱ ነው ሐጢአተኛው። ነጋዴዎቹ ይህን ያውቃሉ። መጨረሻ ላይ የሚቆልፉት በዚህ ነው።

"አፉ በለኝ" አለኝ።

"አፉ ለእግዜር" አልኩት ወዲያው። ቶሎ እንዲለቀኝ ነበር የፈለግሁት።

በጉን አውርጄ ባጃጅ ውስጥ አብሬው ተጨናንቄ ስወጣ ዞሬ አላየኋትም። ሲያጥቧት ግን ውሃው ሲንፎለፎል ሰማሁ። ገና ከግቢው ሳልወጣ።

የዳኛው ልጅ በመጨረሻ ስልኳን አነሳች። ቤቷ ስደርስ አራስ አልጋዋ ላይ ሆና በደስታ ተቀበለችኝ። በጉ ግቢ ውስጥ ሲታሰር ትልቋ ልጇ፣ ያቺ መንገድ ላይ የተወለደችው፣ ሮጣ ወደ ውጪው በር ሄደች። ግራ ቀኝ አይታ ተመለሰች።

"የታለች?" አለችኝ።

"ማን?"

"የኔ መኪና።"

እናቷ ሳቀች። "ዘመድ ከመካነ ሰላም በመጣ ቁጥር እንዲህ ናት፤ 'የኔ መኪና' ነው የምትላት" አለችኝ። እኔም ለልጅቷ፣ "አሟታል፣ ሐኪም ቤት ናት" አልኳት። ሕፃን ልጅ ዓይን ዓይኔን እያየች አንገቷን ነቀነቀች። አመነችኝ።

በማግሥቱ መናኸሪያ ለእማማም ያንኑ አልኩ፤ ዕቃ ጠፍቶ ነው፣ ትቆያለች፣ በአውቶቡስ ነው የምንመለሰው። ዓይናቸው አንዱ በፋሻ ተሸፍኗል። ጉዳቱ የሳቸው የሆነ ያህል ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ ረዳቱ ሲመጣ እኔ ኪሴን ሳልነካ ከመቀነታቸው ፈተው የሁለታችንንም ከፈሉ። ብከላከል፣ ብምል፣ ሰሚ የለም።

"ወላሂ ዛሬ አትከፍልም! ስንት ዘመን በነጻ ስታመላልሰኝ አንድ ቀን 'ክፈይ' ብለኸኛል? አንድ ቀን እንኳ እኔ ልሸከምህ እንጂ!" አሉ፤ አውቶቡሱ ሁሉ እስኪሰማ።

መንገዱን ሙሉ መስኮት መስኮቱን ሳይ መጣሁ።

ከዚያ በኋላ ውሸቱ እንደ ሊጥ እያደር ኮመጠጠ። "መኪናችን እንዴት ናት?" ይሉኛል፤ መኪናህ የሚል የለም፤ መኪናችን። ፍሪሲዮኑ ተሠርቶ ነበር፣ ግን ሞተሩ ተከፈተ፣ አልኩ። ዕቃው ከአዲስ አበባ እየተጠበቀ ነው፣ አልኩ። ዕቃው መጣ፣ ግን ልኩ አይደለም፣ አልኩ። በዚህ መሃል ባለቤቴን "እህቷ ጋ ልትሰነብት ነው" ብዬ ደሴ ወሰድኳት። ቀዶ ሕክምናው በሰላም ተጠናቀቀ። እጢው ክፉ አልነበረም። ሐኪሙ ይህን ሲነግረኝ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የማቅፈው፣ "እንኳን ደስ አለህ" የሚለኝ አንድም ሰው አጠገቤ አልነበረም። ለምን እንዳልነበረ ያኔ አልጠየቅሁም።

ወደ ቤት ከመጣች በኋላ ጓዳ አስተኛኋት። ለጠየቀ ሁሉ ጉንፋን ይዟት ነው እላለሁ። አጥሩን አልፈው የሚመጡትን እማማንም "ተኝታለች" እያልኩ ከበር መለስኳቸው። እሳቸውን ከበር መመለስ ምን ማለት እንደሆነ እኛ ሰፈር ያለ ያውቃል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዳኛው በሩን አንኳኩ። ከኋላቸው እማማ አሉ፣ ከእማማ ኋላ ደግሞ የእድሩ ሽማግሌዎችና የሰፈሩ ሰዎች፣ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ ሳይሆን እንደ ጥየቃ አጣፍተው። ሳሎኔ ሞላ። ወንበር ያጣ ቆመ። ባለቤቴ መታመሟ ታወቀ ብዬ ደነገጥኩ። የመጡት ለእሷ አልነበረም፤ ለመኪናዋ ነው። እኛ ዘንድ ላም የሞተችበት፣ ጎተራ የተቃጠለበት ሰው ይጠየቃል፤ ሄደው "እግዜር ይተካ" ይሉታል፣ ከተቻለም ያዋጡለታል። እኔም ለሌላው ስንት ጊዜ ሄጃለሁ።

ዳኛው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተናገሩ።

"ያቺ መኪና ያንተ ብቻ አይደለችም፣ አትቀየመን። ድንኳናችንን ተሸክማለች። ሬሳችንን ተሸክማለች። የኔ ልጅ ወልዳባታለች። የግራ በሯን የጎዳነው እኛ ነን፤ ብረቱን የጣሉት የእድሩ ሰዎች ናቸው፤ አንድ ቀን 'አሠሩልኝ' አላልከንም። ዛሬ እሷ ስትታመም ዝም ብንል እግዜርም አይወደው" አሉና በነጭ መሐረብ የተቋጠረ ነገር ከኪሳቸው አወጡ። "ካለው ካለው ነው። ለማሠሪያዋ።"

እማማ ከጎን ሆነው "አሚን፣ አላህ ያሽርልን" አሉ።

የዚያን ቀን ያደረግሁትን ልናገር። እጄን ዘረጋሁ። ልቀበል ነው የዘረጋሁት። ያልኩትን ውሸት ከማፍረስ ለሌለች መኪና ማሠሪያ መቀበል ቀለለኝ። ጣቴ መሐረቡን ሊነካ ሲል የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ።

"እንዳትቀበል!"

ባለቤቴ ናት። አንድ እጇን ግድግዳ ላይ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆማለች። ፊቷ ከነጠላዋ ነጥቷል።

"መኪናዋ ተሸጣለች" አለች። "ለእኔ ነው የሸጣት። ሆዴን ተቀድጄ ነው የተኛሁት። ጥገና የገባሁት እኔ ነኝ።"

መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት እማማ ናቸው። በአንድ ዓይናቸው ገና በደንብ ሳያዩ ወንበር እየዳበሱ ሄደው ወገቧን ደገፏት፤ አስቀመጧት፤ ግንባሯን ሳሙት። "አልሀምዱሊላህ፣ በሕይወት አለሽ" አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢቆጡኝ በወደድኩ።

"ያን ቀን ከጎንህ ተቀምጬ ለመኪናዋ ዱዓ ሳደርግ ይቺ ልጅ ደሟ እየፈሰሰ ነበር?" አሉኝ።

"አዎ፣ እማማ።"

"የኔን ዓይን ልታሳክም ይዘኸኝ እየሄድክ የቤትህን ደበቅኸኝ?"

"ገመና ነው ብላ... እኔም..."

"ምን ብንበድልህ ነው፣ ልጄ?"

እውነተኛውን መልስ አውቀው ነበር። አልበደሉኝም። እኔ ተሸካሚ እንጂ ሸክም መሆን አልወደድኩም፤ "ተዉት" የሚል ሰው ሆኜ መሞት ነበር የፈለግሁት። ይህ ደግሞ በሰው ፊት የሚባል ነገር አይደለም። ወለሉን አየሁ።

ዳኛው ተነሱ። መሐረቡን ባለቤቴ ጭን ላይ አስቀመጡት። "እንግዲያው ለእሷ ነው። የማን ጥገና እንደሆነ መች ለየን" አሉ። ቀጥለው ፊቴ ቆሙ።

"እማማ ልክ ናቸው" አሉ። "በድለንህ ነው። የሚጠየቅ ሰው ብንሆን ኖሮ ትጠይቀን ነበር። እኛ ስንጠይቅህ እንጂ አንተ ምን ጎደለህ ብለን አናውቅም። አፉ በለን።"

ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ተነሳ። እማማም የባለቤቴን ትከሻ ይዘው ቆሙ። "አፉ በለን" አሉ አንድ ላይ፣ ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ሙስሊሙ፣ ክርስቲያኑ። እኛ አገር አፉ ሳይባል ከቤት አይወጣም። አፉታ የጠየቀን ሰው አቁሞ የሚያስጠብቅ ደግሞ ጤነኛ ሰው አይባልም። ቆመው ጠበቁኝ።

መኪናዬን በግማሽ ዋጋ የወሰደውን ሰው ገና እጄን ሳይለቅ ነበር አፉ ያልኩት። እነዚህን ሰዎች ግን ምን ብዬ? ስለ ምኑ? ባለቤቴ አቀርቅራ ታለቅሳለች። ዳኛው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሽማግሌ ሰውዬ፣ እንደ ጥፋተኛ ፊቴ ቆመዋል።

"አፉ ለእግዜር" አልኩ በመጨረሻ። ያን ያህል ያፈርኩበት ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

"አሜን" አሉና ተቀመጡ። ሴቶቹ ወደ ጓዳ ገቡ፣ አንዷ እሳት አያያዘች፣ አንዷ ለባለቤቴ አጥሚት ልትሠራ ገብስ ጠየቀች። ወንዶቹ ስለ ነዳጅ ሰልፍ ማውራት ጀመሩ። እማማ ደግሞ ለሁለተኛው ዓይናቸው ቀጠሮ ሲደርስ በአውቶቡስ አብረን እንደምንሄድ፣ ባለቤቴም በዚያው ለሐኪሟ እንደምትታይ ወሰኑ፤ ማንንም አላስፈቀዱም። ቤቴ ሰው ሞልቶት፣ ሁሉ የየራሱን ሲያወራ፣ ከመሃላቸው ተቀምጬ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አፉ የሚባለው በሁለት ወገን ነው። እኔ ደግሞ የራሴን አልጠየቅኋቸውም።

ያኔ ልነሳ አሰብኩ። እንግዳው ይብዛ፣ ቡና ይቅረብ፣ ጨዋታው ይብረድ እያልኩ ሳመነታ መሸና ተበተኑ። በማግሥቱ ዳኛው ሱቅ መጡ፤ ሰው ነበረ። ከዚያ ወዲህ ከእማማ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ በአውቶቡስ ደሴ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ከዳኛው ጋር ስንት ለቅሶ ላይ ድንኳን ተክያለሁ፤ በሰው መኪና። አፉ በሉኝ የሚለው ቃል እስከዛሬ ከአፌ አልወጣም።